በእጄ የለካሁት ሙቀት

የአባቴ መዳፍ ሙቀት አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጋለ ብረት፣ የፈላ ዘይትና የብየዳ ፍንጣሪ ሲያገኘው ኖሮ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ደድሯል። እኛ የሻይ ብርጭቆ በሁለት ጣት ይዘን ስንንጨረጨር እሱ እንደ ኳስ አቅፎ ይይዘውና "ምነው፣ እሳት ነው እንዴ?" እያለ ያሾፍብናል። በዚህ የተነሳ ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን በነበረው ጋራዡ ውስጥ አንድ ዕቃ መጋል አለመጋሉን ማወቅ ሲፈልግ የሚጠራው እኔን ነበር። "እሌኒዬ፣ ነይማ እጅሽን አውሺኝ" ይለኛል። መዳፌን ብረቱ ላይ አሳርፌ እቆጥራለሁ። አሥር ከደረስኩ ደህና ነው። አምስት ላይ እጄን ካነሳሁ ሥራው ይቆማል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከክፍሌ አንደኛ ከመውጣት ይልቅ በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ያ እጅ አንድ ቀን ዋሸ። የምነግራችሁ ስለዚያ ቀን ነው።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት እናቴ ባዩሽ ከአልጋ መነሳት አቃታት። አባቴ ሐዋሳ ድረስ ወስዷት አንድ ወር ያህል ቆይተው ተመለሱ። ስትመለስ ሆዷ ተነፍቷል፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ክንዷ ግን ከእኔ ክንድ ቀጥኗል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ኦይታ ከጨንቻ ወዲያ ካለው መንደራቸው ወርዶ እኛ ዘንድ ሰነበተ። ሸማኔ ነው፤ ዝም ያለ ሰው። አንድ ቀን በር ላይ ከአባቴ ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"ሐኪሙ ምን አለ?" አለ ኦይታ።

"ቤቷ ትረፍ አለ" አለ አባቴ።

ደስ አለኝ። እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ቤቴ አርፌ ነው የሚሻለኝ። ዛሬ ነርስ ነኝ። ያችኑ ቃል እኔ ራሴ ለስንቱ ቤተሰብ ተናግሬያታለሁ። ስናገር የታማሚዋ ልጅ አጠገቤ ከቆመች ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አጣለሁ።

እናቴ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "እናቴን ልያት። አባቴ ግቢ ውሰዱኝ።" አያቴ ሻሺቱ በዚያው ክረምት ወድቃ ዳሌዋ ስለተሰበረ ወደ ቆላ መውረድ አትችልም። በእናቴ ቤተሰብ ልማድ ደግሞ ሰው ሲደክም ወደ ተወለደበት ግቢ ይመለሳል፤ እዚያ ሲደርስ ወንድሞቹ ይረከቡታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእነሱ ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የሰማሁት እናቴ ደጋ ልትሄድ መሆኑን ብቻ ነበር።

"እዚያ ትቆያለች?" ብዬ አባቴን ጠየቅሁት።

"አዎ፣ እዚያ ትቆያለች" አለና ፊቱን አዞረ።

በቃ፣ ገባኝ አልኩ። ሰልችታዋለች። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት መስማት ሰልችቶታል፤ ስለዚህ ወስዶ ለእናቷ ሊጥላት ነው። ይህን ሐሳቤን ያጠነከረልኝ ደግሞ መኪናው ነው። እናቴ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሆና ተኝታ እሱ አምስት ቀን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ ዋለ።

መኪናዋ የጎረቤታችን የአቶ ሽመክት ነበረች። አቶ ሽመክት ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ የሰሜን ሰው ናቸው። ዱባይ ያለው ልጃቸው አንዲት ትልቅ የመስክ መኪና ላከላቸው፤ ሞተሯ ላይ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላት፣ አየር በግድ እየተነፋላት ጉልበቷ እጥፍ የሆነ። ስትነሳ የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ያፏጫል፤ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደመጣ ያውቃል። ግን የጨንቻን ዳገት ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ የማርሽ ሳጥኗ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮዋ፣ ተቃጥሎ በገመድ ተጎትታ ወረደች። ሦስት ወር ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር።

ዝናቡ ከጨንቻ ወዲያ ያለውን መንገድ ጭቃ አድርጎታል። ሚኒባስ አይሞክረውም። አይሱዙ የጭነት መኪና ያልፋል፤ ነገር ግን መንገጫገጩን እናቴ እንዴት ትችለዋለች? አቶ ሽመክት ከዘራቸውን ይዘው መጡና የታመመችውን ጠየቁ፤ ሲወጡ አባቴን ደጅ ላይ አቆሙት።

"ካሱ፣ ካምቢዮዋን ዳገት እንድትችል አድርገህ ሥራና ባዩሽን አድርስባት። ሌላ ወሬ እንዳታመጣብኝ።"

"ጋሼ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ እኮ ነክቼ አላውቅም" አለ አባቴ።

"እንግዲያው ዛሬ ትነካለህ" አሉትና ሄዱ።

አባቴ ከኦይታ ጋር መኪናዋ ሥር ተንጋለው ሲያስረዳው ጎማው አጠገብ ተቀምጬ እሰማ ነበር። "ሞተሯ ጉልበት ጨምራለች። ካምቢዮዋ ግን ያው የድሮው ነው። ዳገት ላይ ዘይቱ ይግላል፤ ሲግል ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ማርሹ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ዘይቱን ከካምቢዮው አውጥተን ነፋስ እናስመታውና ቀዝቅዞ ይመለስ።" ኦይታ ራሱን ነቀነቀ። ሸማኔ ስለሆነ ክር ወጥቶ የሚመለስበትን ነገር ለመረዳት አይቸገርም።

ነፋስ የሚያስመታው ማቀዝቀዣ ትንሽ ራዲያተር የመሰለ ነገር ነው። አባቴ ከአንድ የሞተ የጭነት መኪና ላይ ፈታው። ውስጡን በቤንዚን አጠበው፤ ጥቁር ወጣ። ደግሞ አጠበው፤ ቡናማ ወጣ። ቤንዚኑ እንደገባ ጠርቶ እስኪወጣ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። "አንዲት የብረት ብናኝ ከቀረች ካምቢዮው ሞተ ማለት ነው" ይላል። ከማዕዘን ብረት መያዣ በይዶ ከዋናው ራዲያተር ፊት ሰቀለው፤ እንዳይንቀጠቀጥም ከአሮጌ ጎማ ትራስ ቆርጦ አደረገለት። ቱቦውን ሲያስር መገጣጠሚያው ላይ ቀይ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ፈትቶ ደግሞ አሰረ።

እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት በቂም ነው። ማታ ሲገባ እጁን በሳሙና እየፈተገ እናቴ አጠገብ ይቀመጣል፤ እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛለሁ።

በአራተኛው ቀን መኪናዋን ወደ ሴቻ ዳገት አወጣናትና ኮፈኑን ከፍቶ "እጅሽን አውሺኝ" አለኝ። ከማቀዝቀዣው የሚመለሰውን ቧንቧ ያዝኩ፤ አራት ላይ ለቀቅሁ። አቃጠለኝ። አባቴ ሲያስብ ቆይቶ ማቀዝቀዣው ከራዲያተሩ ጋር ተለጥፎ ነፋስ እንደማያገኝ ደረሰበት። በማግስቱ ሁለት ጣት ያህል አራቀው። ደግመን ወጣን። ያዝኩ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር።

አባቴ እጄን አንስቶ ሳመው።  አሥር መቁጠሬ እናቴን እንደሚያስወስዳት ያኔ ነው የገባኝ፤ አምስት ላይ ማንሳት ነበረብኝ።

ሲወርድ እንዲህ አለኝ፦ "ነገ ሦስት ቦታ እንቆማለን። ትነኪልኛለሽ። ከጋለ እስኪበርድ እንጠብቃለን። መኪናዋ እምቢ ካለች ደግሞ ምን ይደረጋል፣ ተመልሰን እንወርዳለን።"

ያችን የመጨረሻዋን "ተመልሰን እንወርዳለን" ይዤ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት የኋላው ወንበር ተነቅሎ ፍራሽ ተነጠፈ። ኦይታ የእናቴን ራስ ጭኑ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ፤ እኔ ከአባቴ ጎን ፊት ሆንኩ። የላንቴን መንደር ስናልፍ ሙዝ ሻጮቹ መኪናዋን አይተው ሮጡ፤ ፍራሹን ሲያዩ ቆሙ። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈን ዳገቱን ጀመርን። ቺንጋው ያፏጫል፣ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይረጫል፣ አባቴ ጉድጓድ ባየ ቁጥር "ይቅርታ ባዩ፣ ይቅርታ" ይላል። እሷ አትመልስም። ተኝታለች ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳስበው እንቅልፍ አልነበረም።

የመጀመሪያው ማረፊያ ሐይቁ ከታች የሚታይበት ኩርባ ነው። አባቴ ኮፈኑን ከፈተ። ቧንቧውን ያዝኩ። ለብ ያለ ነበር፤ እንደ ሕፃን ገላ። በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩና እጄን መንጭቄ ጮህኩ።

"ጋለ! አባዬ ጋለ!"

አባቴ አየኝ። ቧንቧውን አየ። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ በጨርቅ ጠረገና መለሰው።

"እሺ" አለ። "እንጠብቅ።"

ግማሽ ሰዓት ቆምን። ኦይታ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ካሱ፣ እናቴ መንገድ ላይ ወጥቶ ነው የሚጠብቀን" አለ። አማርኛ ሲናገር ሴቱንና ወንዱን ያቀላቅላል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር። አያቴን ከነአልጋዋ ተሸክመው ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ዳር አስቀምጠዋት ነበር።

ሁለተኛው ማረፊያ ቀርከሃው ከሁለቱም ወገን መንገዱን የሚጋርደው ቦታ ነው። ጉሙ ወርዶ ይበርድ ነበር፤ ቧንቧውም ከመጀመሪያው ይልቅ ቀዝቅዟል። አሁንም "ጋለ" አልኩ። አሁንም አባቴ ዘንጉን መዘዘ፣ አሸተተ፣ "እንጠብቅ" አለ። ኦይታ ወርዶ መንገዱ ላይ ይንጎራደድ ጀመር።

"አባዬ፣ አንመለስም?" አልኩት።

"የለም" አለኝ። "ከዚህ ወዲያ መመለስ የለም።"

ውሸቴ እንደማይሠራ የገባኝ ያኔ ነው። ልክ በዚያው ጊዜ እናቴ ከኋላ "ደረስን?" ስትል ሰማኋት። ድምፅዋ ውስጥ ጉጉት ነበር። ኀፍረት በጆሮዬ ገብቶ እግሬ ድረስ ወረደ። ልትሄድ የፈለገችው እሷ ናት። ማንም እየጣላት አይደለም። ሲቀላ ቤታችን የሰማሁትን ሁሉ ጨርሶ አልተረዳሁትም ነበር ማለት ነው፤ ግን ይህን የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። ቶሎ እንድንደርስ ብቻ ፈለግሁ።

ጨንቻን አልፈን፣ ጭቃውን መኪናዋ እያጓራች ወጥታ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቆምን። ከፊታችን ካለው ጉብታ ጀርባ የእናቴ መንደር ዛፎች ይታያሉ። አባቴ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ዘልዬ ወረድኩ። እንደከፈተው ቧንቧውን በሁለት እጄ ጨበጥኩና እየጮህኩ ቆጠርኩ።

"አሥር! ቀዝቅዟል! ሃያም እቆጥራለሁ ከፈለግህ!"

"ትንሽ ይረፍ" አለ አባቴ።

"ቀዝቅዟል እኮ!"

"ይረፍ አልኩሽ።" ከዚያ ጄሪካኑን ለኦይታ ሰጠው። "እሌኒን ይዘህ ከወንዙ ውሃ አምጣልኝ።"

ሁለት ጊዜ ስለዋሸሁት ነው አሁን እውነቴን የማያምነኝ ብዬ እያለቀስኩ ከኦይታ ኋላ ወረድኩ። ወንዙ እንደታየን ቅርብ አልነበረም። ጄሪካኑን ሞልተን ስንመለስ የመኪናዋ የኋላ በር ተከፍቷል፤ አባቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ የእናቴን ራስ ደረቱ ላይ ይዟል።

"ኦይታ፣ ና" አለ።

ኦይታ ጄሪካኑን ለቀቀው። ውሃው እግሬን እያራሰ በመንገዱ ወረደ።

ከዚያ እስከ መንደሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሥር ደቂቃ። አያቴ ሻሺቱ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ጋቢ ደርባለች። እናቴን አውርደው አጠገቧ ሲያስተኟት አልጮኸችም። ፊቷን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ገና ሙቀት ነበረው። ከዚያ በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ኦይታ ለአባቴ ነገረው።

"መንገድ ላይ ምን አቆያችሁ፣ ይላል እናቴ።"

"መኪናዋ ጋለች" አለ አባቴ።

እኔ ከኋላው ቆሜ እጆቼን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ነበር። ከእናቴ ወንድሞች አንዱ አባቴን በእጁ ቀስ አድርጎ ከአልጋው ገለል አደረገውና በቦታው ቆመ። አባቴም ገለል አለ።

ውሸቴን አሥራ ስድስት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ለንስሐ አባቴ እንኳን አልነገርኩም። ጋራዥ መሄድ ተውኩ፤ አባቴም እጄን ዳግመኛ አልጠየቀኝም። እንደሚያውቅና ይቅር እንዳላለኝ ቆጠርኩት። በየዓመቱ ለመስቀል አያቴ ከደጋ ቅቤና አፕል "ልጄን እቤቷ ላመጣልኝ" ብላ ትልክለታለች። እሱ አንዷን እንኳን ሳይቀምስ ለሠራተኞቹ ያከፋፍለዋል። የደጋ ቅቤ አይወድም ብለን ለሰው እንናገር ነበር።

ባለፈው መስከረም ኦይታ ደወለና አያቴ እየደከመች መሆኑን ነገረን። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ አባቴ ጋ ሄድኩ። ጋራዡን ለሌላ ሰው ትቷል፤ ያን ቀን ግን በር ላይ ተቀምጦ የሰውን ሥራ እየተቸ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። አንድ ጊዜ እንኳን ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"ዘይቱን አሽትቼዋለሁ" አለኝ በመጨረሻ። "የተቃጠለ ዘይት ሽታው አይደበቅም። የመጀመሪያውም ንጹህ ነበር፣ ሁለተኛውም ንጹህ ነበር።"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ቆምክ?"

መሬት መሬቱን ያያል። "ከደረስን የእነሱ ናት፣ እሌኒ። ወንድሞቿ ይቀበሉኛል፣ እኔ ከሰው ኋላ እቆማለሁ። አንቺ ጋለ ስትይ ሰበብ ሰጠሽኝ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ሰበቡም አልነበረም፤ ቀዝቅዟል እያልሽኝ ነው ያቆምኳት። ሦስተኛው የእኔ ነው። እናቷ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ቁጭ ብላ።"

ተናደድኩ። አዝኜለት ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። ሙሉ ልጅነቴን ገዳይ ነኝ እያልኩ አሳልፌዋለሁ እኮ። "አሥራ ስድስት ዓመት!" ብዬ ጮህኩበት፤ መካኒኮቹ ዞር ብለው አዩን።

"ሕፃን ነበርሽ፤ ረስተሽዋል ብዬ ነው" አለ። ድምፁ አነሰ። "ይሄን ይዘሽ ነው እንዴ ያደግሽው?"

 እሱ በዚያ በደደረ መዳፉ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ ቀስ እያለ ንዴቴ በረደ። ቆይቶ ቀና ሲል "ለአያትሽስ ማን ይነግራታል?" አለ።

ቅዳሜ አብረን ወጣን፣ በሚኒባስ፤ መንገዱ አሁን ይሻላል። አያቴ ተኮማትራ ኮረጆ ታክላለች፣ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። አባቴ አልጋዋ አጠገብ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ተናገረ። መኪናዋ እንዳልጋለች። ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት እንደቆመ። እኔ ልገባ ስል በእጁ ከለከለኝ። ሸምግሎ የጎበጠው ኦይታ አንገቱን ደፍቶ አንድ በአንድ ወደ ጋሞኛ መለሰው።

አያቴ ትረግመዋለች ብዬ ፈራሁ። ብትረግመውም አልፈርድባትም ነበር። ከዚያ ጥቂት ቃል ተናገረች።

"በመጨረሻ የቆማችሁ ጊዜ ምን አለችህ፣ ብሎ ይጠይቃል" አለ ኦይታ።

አባቴ ቀና አለ። ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

"በሩን ክፈትልኝ አለችኝ" ብሎ ጀመረ። "ከፈትኩላት። የእንሰቱ ሽታ መጣ፣ ደርሻለሁ ማለት ነው አለች። የደጋውን ብርድ ተመኝታ ነበርና ጋቢውን ከደረቷ ገለጥኩላት። ከዚያ ስለዚህች ልጅ አነሳች። ውሸቷን ነው እኮ፣ ልትመልሰኝ ፈልጋ ነው፣ አየሃት ስትጮህ አለችና ሳቀች። አትቆጣት አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።"

ኦይታ ይህን ሲመልስላት እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር። አያቴ በባዶ ዓይኗ አባቴ ወዳለበት ዞራ አንዲት ቃል ጠየቀች። ኦይታን ሳይጠብቅ ገባው።

"አዎ፣ ሳቀች" አላት።

እጇን ዘርግታ እጁን ፈለገችና ያዘችው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግሞ እንዲነግራትም ጠየቀችው። እሱም በሩን ከከፈተበት ጀምሮ ነገራት።